የሰባተኛው ቀን ፀጉር

ልደታ ውስጥ ሰው ፀጉሩን በቀላሉ አይሰጥም። መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። እናቴ ከማበጠሪያዋ ላይ የምትለቅመውን እንኳ ጠቅልላ ትቀብራለች፤ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ መሬት ስላጣች በረንዳው ላይ ባለው የአበባ አፈር ውስጥ ትደብቀዋለች። እኔ ደግሞ የማስተርስ ጥናቴን በፀጉር ላይ መሥራት አማረኝ። ሞኝነቴ ከዚያ ይጀምራል።

ጥናቱን የያዝነው ሁለት ነን፤ እኔ ከምህንድስና፣ ጓደኛዬ ከባዮሎጂ። አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያረጀ የሞተር ክፍልና የመኪና ቁርጥራጭ እያቀለጠ ብረት ድስት ይሠራል። ቁርጥራጩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ይኖር ይሆን? ካለስ ሠራተኞቹ ሰውነት ውስጥ ገብቷል? እኔ ብረቱን፣ እሷ ፀጉራቸውን ልንመረምር ተስማማን። ለሁለቱም የሚሆነው መሣሪያ አንድ ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትር። ናሙናውን እስከ አተሙ በትኖ፣ በክብደት እየለየ፣ ውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ ይናገራል። ይሉኝታ የለውም።

የአባቴ ባልደረቦች ለእሱ ሲሉ ፀጉራቸውን ሰጡን። ችግር የሆነብን ማነጻጸሪያው ነበር፤ ከማቅለጫው ጭስ የራቁ ሰዎች ያስፈልጉናል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ጥያቄዬን ሲሰማ በሩን ይዘጋብኛል። ስለዚህ ቤቴ ገባሁ። የእናቴንና የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችውን የእህቴን ፀጉር ቆረጥኩ።

«አደራሽን፣ በማንም እጅ እንዳይገባ» አለችኝ እናቴ።

የናሙናው ዕቃ ላይ «ንጹሕ» ብዬ ጻፍኩበት።

ውጤቱ ሲመጣ በ«ንጹሖቹ» ፀጉር ውስጥ ያለው እርሳስ ከአቅላጮቹ አላነሰም። የእህቴማ በለጠ። አማካሪያችን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ናሙና ቀያይረሻል፤ ድገሚው» አሉኝ። እየተናደድኩ ደገምኩት። ያው ነው።

ጓደኛዬ ግን፣ «ቤት በምንድን ነው የምታበስሉት?» አለችኝ።

«አባቴ በሠራልን ድስት ነዋ!» አልኳት በኩራት። ከዚያ የተናገርኩት ገባኝ።

እናቴ ያንን ድስት በየቀኑ በአሸዋ ትፈትገዋለች። ካላብለጨለጨ ባለሙያነቷ የተነካ ይመስላታል። በፈተገችው ቁጥር አዲስ ብረት ይገለጣል፣ በላዩ ብረቱን የሚያሟሟ ኮምጣጣ ቲማቲም ይንተከተካል። ይህን እኔ፣ የብረት ተማሪዋ፣ ስንት ዓመት እያየሁ! ከምሳ ዕቃዬ የተረፈውን ስልስ መረመርነው። ቁጥሩን አየሁና ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ታክሲ መጠበቅ ስላልቻልኩ ከሜክሲኮ በእግሬ ወረድኩ። ስደርስ እህቴ ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ የቀረውን ስልስ በዳቦ እየጠረገች ትበላለች።

«ተዪው!» ብዬ ነጠቅኳት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ አላመነችኝም። አባቴ ግን የሚያቀልጠውን ያውቃል። ድስቱን አገላብጦ አየውና፣ «ለአራስ ቤቷ ትልቁን እየሠራሁላት ነበር» አለ። በማግስቱ ሥራ አልሄደም፤ ቀኑን ሙሉ እጆቹን እያየ ተቀመጠ።

ልጁ ተወለደ። ትንሽ ነው፣ ግን ይጠባል፣ ያለቅሳል። በሰባተኛው ቀን አቂቃው ወጣለት፤ እንደ እስልምና ልማዳችን በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሕፃኑ ፀጉር ተላጨ። የተላጨው ፀጉር ይቀበራል። ያ ፀጉር በእናቱ ሆድ ውስጥ የበቀለ ነው፤ ከእሷ ወደ እሱ ያለፈ ነገር ካለ እዚያ ውስጥ አለ። ይህን ከቤቱ የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ለመለመን አፍ አልነበረኝም።

እናቴ ፀጉሩን በነጭ ወረቀት ጠቅልላ መጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ክብደት የለውም።

«እንኪ፣ ውሰጂው» አለችኝ። «ያ መሣሪያሽ እውነቱን ይንገረን።»

ላብራቶሪ ደርሼ ዕቃው ላይ ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሣሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍበት ጠፋኝ። ውጤቱን ማወቅ አልፈልግም ነበር፤ እናቴ ግን ልጁን ታቅፋ እየጠበቀችኝ ነው።