ያለ ዕቃ የወረደ ማር

«ሒሳብ ሰው የሚመደብበት ነገር ነው እንጂ የሚመርጠው ነገር ነው እንዴ?» አለኝ አባቴ።

እውነቱን ነው። ቦንጋ ውስጥ የማውቃቸው የሒሳብ ምሩቃን በሙሉ ሌላ ሞልተው ሒሳብ የደረሳቸው ናቸው። እኔ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ፣ ሒሳብን አንደኛ ምርጫዬ ላድርግ ብዬ ተነሳሁ። አባቴ የሚፈልገው ጤና ነው። ጤና ሞልቼ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ደም ግፊት በነፃ ስለካ አስቦ ጨርሷል።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ተከራያችን ነው። የጓሮዋን ክፍል የተከራየው በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከሰሜን የመጣ መምህር ነው። ወጣት ስለሆነ አንቱ ስለው ይደነግጣል፤ ስለዚህ «ቲቸር» እያልኩ አንተ እለዋለሁ። አንድ ቀን ለዶክትሬቱ የሚሠራውን አጮልቄ ሳየው ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም። ፊደል፣ ቀስት፣ እንደገና ፊደል። ቁጥር የሌለበት ሒሳብ! ሰባትን በስምንት ስታባዛ እስካሁን ጣቷ ለሚንቀሳቀስ ልጅ ይህ ምሕረት ነው። ሒሳብን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አባቴ የዞን መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ቢጤ ስለሆነ ቤታችንም የሚተዳደረው በግምገማ ነው። ወጥ ሲያርም፣ በግ ሲጠፋም እንቀመጣለን። መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን፣ በመጨረሻ ግለሂስ። የእኔም ጉዳይ እዚያው ተመራ።

«እሑድ ከምሳ በኋላ ያ ሰውዬ ጓሯችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ታስረጂኛለሽ» አለ። «ከገባኝ ሒሳብ ትሞያለሽ። ካልገባኝ ጤና።»

«ምን ያህል ሰዓት አለኝ?»

«ዝናቡ እስኪያባራ።»

ቦንጋን ለሚያውቅ ሰው ይህ በቂ ጊዜ ነው።

ሮጬ ቲቸር ጋ ሄድኩ። ደስ አለው፤ እስከዚያ ቀን ሥራውን የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። «መሬት ላይ ብዙ ነጥቦች አሉ እንበል» አለኝ። «ከእያንዳንዱ ነጥብ በላይ አንድ ሙሉ ቅርጽ ቆሟል። ከነጥብ ወደ ነጥብ ስትሄጂ ቅርጹም ቀስ እያለ ይለወጣል። በየቅርጹ ላይ ያሉትን ፈንክሽኖች ሰብስበን ወደየነጥባቸው እናወርዳለን። ጥያቄው፣ ላይ ፖዘቲቭ የነበረው ታች ሲወርድም ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል ወይ ነው።»

«ፖዘቲቭ ማለት ከዜሮ በላይ?»

«እዚህ ጋ የጉብጠት ነገር ነው። እንደ ሳህን፣ በየትኛውም አቅጣጫ ብታዪው ወደ አንድ በኩል የጎበጠ።»

«እና ይቆያል?»

«ይቆያል። ግን ዝም ብለሽ ካወረድሻቸው ዋስትና የለሽም። ለመለካት የሚያስችል አንድ ነገር ከላይ አብሮ መምጣት አለበት፤ ካኖኒካል ባንድል እንለዋለን...»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ተዘጋ። ራሴን ግን በደንብ እነቀንቅ ነበር። «ይቆያል» የምትለዋን ይዤ ወጣሁ።

ወዲያው ምሳሌ መጣልኝ፤ ያውም የሚያምር። በእናቴ አገር በማንኪራ፣ ጫካው ውስጥ፣ ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ከየዛፉ ሥር አንድ ነጥብ፣ ከላይ ቀፎ፣ ማሩ በገመድ ይወርዳል። ላይ ጥሩ ማር ከነበረ ታችም ጥሩ ማር። አለቀ! ይህን ያህል ዓመት ሰው በዚህ ዶክትሬት መሥራቱ ገረመኝ። መስተዋት ፊት ቆሜ፣ በፕላዝማ እንደሚያስተምረን ሰውዬ ጥያቄ እየጠየቅኩ፣ መልስ ሳልጠብቅ ራሴ እየመለስኩ ተለማመድኩ። ዶሮዎቹንም አስተምሬያለሁ። ጥያቄ አልነበራቸውም።

እሑድ ደረሰ። አባቴ ሰብሳቢ፣ እናቴ አባል፣ ቲቸር ተጋባዥ ሆነው ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ። ነጥቡን አስቀመጥኩ፣ ዛፉን አቆምኩ፣ ቀፎውን ሰቀልኩ። አባቴ «እሺ፣ ገባኝ» ማለት ጀምሯል። ማሩን ሳወርደው እናቴ ቀና አለች።

«ቆይ እስቲ፣ በምን አወረድሽው?»

«በገመድ።»

«ገመድ ማር ይይዛል? በምን ዕቃ ነው ያልኩሽ?»

እናቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ተማሪ ሲዋሽ ከበር ታውቃለች።

«ዕቃው አስፈላጊ አይደለም እማዬ፣ ምሳሌ እኮ ነው!»

«ያለ ዕቃ የወረደ ማር የጉንዳን ነው፤ ምሳሌም ቢሆን።»

ቲቸር ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «እትዬ! እሱ ነው እኮ! ካኖኒካሉ እሱ ነው! ያለ እሱ የወረደው ፖዘቲቭ ላይሆን ይችላል!»

እናቴ ስትደነግጥ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ ወደ ካፊኖኖ ትገባለች፤ ገባች። አባቴ እጁን አንስቶ ስብሰባውን አረጋጋ።

«እንግዲህ ተሳስታለች ማለት ነው?»

ቲቸር አዘነልኝ መሰለኝ። «ዛፉን ግን በደንብ አስቀምጣለች ጋሼ።»

«ጠንካራ ጎን፣ ዛፍ» አለ አባቴ። «ደካማ ጎን፣ ዕቃ። ግለሂስ?»

የግለሂስ መልስ በቤታችን የታወቀ ነው፤ አባቴ ከቢሮ ሲመጣ ስለሚነግረን በቃላችን እናውቀዋለን። ሁሉም ሰው «ደካማ ጎኔ ሥራ በጣም ስለምወድ ጤናዬን መርሳቴ ነው» ይላል። እኔም «ጉጉቴ ከመጠን ያልፋል» የምትል አዘጋጅቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ስለ ዕቃው ቲቸር ነግሮኝ ነበር። አልገባኝም። ስላልገባኝ ዘለልኩት። አባዬ አያውቅብኝም ብዬ ነው።»

ነጩ ጋውን ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝ። ይባስ ብሎ እጅጌው ረዝሞብኛል።

አባቴ መሳቅ ጀመረ። «ይህን ሁሉ ዓመት ግምገማ ስቀመጥ፣ እውነተኛ ድክመቱን የተናገረ ሰው ዛሬ ገና አየሁ! አንቺ መሥሪያ ቤት ብትገቢ ሳምንት አትቆዪም።» ትንሽ አሰበና ፊቱ ተለወጠ። «ሆስፒታልም ያው መሥሪያ ቤት ነው።» ወደ ቲቸር ዞረ። «መምህር፣ እናንተ ጋ አልገባኝም ያለ ሰው ምን ይደረጋል?»

«እኛ ጋ ሥራው እሱ ነው ጋሼ። እኔ ራሴ ቦንጋ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቦታ ላይ አልገባኝም እያልኩ ነው የምኖረው።»

«ደመወዝ እየተከፈለህ?»

«እየተከፈለኝ።»

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ሒሳብ ትሙላ» አለ።

ጮህኩ። ዘለልኩ። እናቴን ሳምኩ፣ አባቴን ሳምኩ፣ ቲቸርን ልስም ስል አፈርኩና ወንበሩን ነካሁት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ቲቸር፣ እንደገና አስረዳኝ።»

«እስከ የት ድረስ ገብቶሽ ነበር?»

«እውነቱን ልንገርህ?»

«እውነቱን።»

«እስከ ሰላምታው።»