አባቴ ያጨደው መስክ

አባቴን የሰፈሩ ሰው «ፀጉር አስተካካዩ» ይለዋል። መቀስ ይዞ ግን አያውቅም። የከተማውን ሣር ሃያ ስድስት ዓመት ያጨደ ሰው ነው፤ የአደባባዩን፣ የሆስፒታሉን፣ የመቃብሩን። ይኼን ሁሉ በሞተር ማጨጃ ነው። ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ያለው ረግረጋማ መስክ ግን ማሽን ስለሚውጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በማጭድ ነው የሚያጭደው።

እኔ ያንን መስክ አልወደውም ነበር። ትንኝ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ምኑ ይወደዳል! አባቴ ግን ስለ እሱ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። በአንድ እርምጃ ውስጥ ሃያ ዓይነት ሣርና አበባ አለ ይላል። አንዷ ቅጠሏ ላይ ሙጫ የመሰለ ጠብታ አላት፤ ትንኝ ይዛ ትበላለች። ሌላዋ፣ እሱ «እመቤት» የሚላት፣ ጥፍር የምታህል ሐምራዊ አበባ ናት፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ዓይኗን አትገልጥም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያጭደው ዘራቸው ከረገፈ በኋላ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ስለሚያሳዝኑት ነው።

አንድ ዓመት አባቴ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ወሬ መጣ። መስኩ ተደፍኖ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሊሆን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የዕፅዋት ባለሙያዎች መጥተው መጠበቅ ያለበት ነገር ካለ ያያሉ። አባቴ ደስ አለው። በመጨረሻ ሰው ሊያየው ነዋ! እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንግዳ ይመጣል ብሎ ቤቱን እንደሚጠርግ ሰው፣ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው መስኩን ከነአበባው ሙልጭ አድርጎ አጨደው።

ባለሙያዎቹ ዳር ቆመው ዞር ዞር ብለው አዩና «ተራ ሣር» ብለው ጽፈው ሄዱ።

ወረቀቱ ከወር በኋላ ሲመጣ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም።

«አባዬ፣ እንዲህ ከምትብሰለሰል ሂድና ንገራቸው!» ብዬ ጮህኩበት።

ሄዶ ነገራቸው። ከባለሙያዎቹ አንዷ፣ ወጣቷ፣ ተከትላው ቤታችን መጣች። «አባባ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ ግን አበባውን ሳላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችው።

አባቴ ትንሽ አሰበና ገብቶ ፍራሹን ከአልጋው ጎትቶ አመጣው። የዚያን መስክ ሣር በየዓመቱ አድርቆ ፍራሻችንን ይሞላበታል። ሌላ ጊዜ ጭዱ ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን አበባውም አብሮ ገብቷል። ስፌቱን በቢላ ተረተረው።

ሣሩ ሳሎኑን ሞላው። ልጅቷ ተንበርክካ አንድ በአንድ እየለየች ወለሉ ላይ ትደረድር ጀመር። ሰማያዊው ደርቆም ሰማያዊ ነው። ላባ የመሰለ አለ፣ ዶቃ የመሰለ አለ፣ ከፀጉር የቀጠነ አለ። ሰባ ሦስት ዓይነት ሆነ! እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እመቤት ላይ ስትደርስ ልጅቷ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት።

«ይቺ እኮ ጠፍታለች ከተባለ አርባ ዓመቷ ነው!»

አባቴ ግን አልተደሰተም። «ዘሯ ሳይረግፍ ነው ያጨድኳት» አለ።

«ሥሯ ካልሞተ ትመለሳለች፤ ካልተመለሰች ግን መስኩን ማዳን አልችልም» አለችው። መሥሪያ ቤቱም እስከሚቀጥለው የአበባ ወቅት ጊዜ ሰጠ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ወቅቱ ሲደርስ አባቴ ማየት ፈራ። የጋራዡ አጥር ሥር ለመስኩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና «አንቺ እይልኝ» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ገባሁ። ከሣሩ ሥር ስስ ውሃ ያበራል። ነጩና ቢጫው ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። ጎንበስ ስል ከሥሩ ሌላ መስክ አለ፤ ይበልጥ ጎንበስ ስል ደግሞ ከዚያም ሥር ሌላ፣ ጣት በማይሞላ ቁመት ያበበ። አምላኬ፣ ይኼ ሁሉ እዚህ ሲኖር እኔ የት ነበርኩ? መተንፈስም ድፍረት መሰለኝ። ከዚያ አየኋት፤ ዓይኗን ገልጣለች። አጠገቧም ሌላ አለች።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። «አባዬ! ዘጠኝ! ዘጠኝ እመቤት ቆጠርኩ!»

ብድግ አለ።  ጭቃ የለበሰውን ጫማዬን አየ።

«አንቺ ልጅ፣ በየት በኩል ረግጠሽ ነው የሮጥሽው?» አለኝ።