«መንገድ ላይ ቀረ» በጀርመንኛ ምን ይባላል?

«ታዲያ ወንድሟ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ ሐኪሟ ፈገግ ብላ።

ዛሬ ጠዋት ነው፣ እዚህ ጀርመን፣ ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር። ጎረቤቴ ትዕግሥት ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ስለነበራት ላስተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። (የምጽፈው አስፈቅጃት ነው።)

ሐኪሟ ስለ ቤተሰቧ ስትጠይቃት «ታናሽ ወንድሜ መንገድ ላይ ቀረ» አለች። እኔም ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ መለስኩት።

ባቡር በየቀኑ በሚዘገይበት አገር፣ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ቆይቶም ቢሆን ይመጣል።

ትዕግሥት የሐኪሟን ጥያቄ ለመረዳት ያህል ጀርመንኛ ትሰማለች። አንገቷን ደፋች።

«ሞተ ልበላት?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«በአፌ ብዬው አላውቅም። ለእናቴም መንገድ ላይ ቀረ ነው ያልኳት። አንቺ በይላት።»

በረሃ ሲያቋርጡ እንደሞተ ለሐኪሟ ነገርኳት። ቃሉን ባውቀውም ሁለቴ ጀምሬ ነው የጨረስኩት።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። «ስሙ ማን ነበር?» አለች።

ልተረጉም ስል ትዕግሥት ቀደመችኝ። በዚያችው በምትችላት ጀርመንኛ፣ «ቢንያም። ሳቂታ ነበር» አለቻት። ከዚያ አለቀሰች።

እናንተስ? ለሰው ስታስተረጉሙ፣ ቃሉን እያወቃችሁት ከአፋችሁ አልወጣ ያላችሁ ጊዜ አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።