ቆሞ መዋል ሥራ አይደለም

በጃንሆይ ዘመን ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የፊዚክስ መግቢያ ኮርስ እወስድ ነበር። አባቴ ደግሞ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አንድ ቀን ከክፍል መልስ ወደ ሱቁ ብቅ ስል፣ ደንበኞቻቸው ፊት ሊኮሩብኝ ፈልገው «እስቲ ዛሬ የተማርከውን ንገረን» አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «በፊዚክስ፣ አንድ ሰው ግድግዳ ሲገፋ ውሎ ግድግዳው ንቅንቅ ካላለ፣ ላቡ ቢንጠፈጠፍም ሥራ ሠራ አይባልም» አልኩ።

«ዝም ብሎ የቆመስ?» አሉ አባቴ።

«እሱማ ጭራሽ!»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛችን ጋሼ ወልዴ ብቻ አልሳቁም። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው በር ላይ ነው የማውቃቸው።

በማግስቱ ስመጣ አባቴ ጋሼ ወልዴን ሲያሰናብቷቸው ደረስኩ።

«ልጄ ቆሞ መዋል ሥራ አይደለም ሲል በጆሮህ ሰምተሃል» ይሏቸዋል።

«ኧረ አባባ! እኔ የፊዚክሱን ነው ያልኩት፤ የእሳቸው ሌላ ነው!»

«ሥራ ሥራ ነው። ታዲያ ለምን ብዬ ነው ኮሌጅ ያስገባሁህ?»

ጋሼ ወልዴ የዘበኛ ካፖርታቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። እኔን ቀና ብለው አዩኝና «በርታ ልጄ፣ ተማር» ብለውኝ ወጡ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ተከትያቸው ልወጣ ስል አባቴ ካፖርቱን አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝ።

«ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ አንተ ትቆማለህ» አሉኝ። «ሥራ ስላልሆነ ከትምህርትህ አያስተጓጉልህም።»