በር ላይ ያልመለስኳቸው

የምሠራው ሳን ሆዜ አካባቢ ባለ ችግኝ ጣቢያ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ እናፈላለን። ጠባዬ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ክፉ ነኝ። አንዲት ችግኝ ቅጠሏ ላይ ነጠብጣብ ካየሁ ከነጎረቤቶቿ ነቅዬ፣ በላስቲክ አስሬ እጥላለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ጫማውን በሩ ላይ ባለው የጀርም መግደያ ውስጥ ሳይነክር ግሪንሃውስ ልግባ የሚል ሰው ካለ፣ አለቃዬም ቢሆን፣ አላሳልፈውም። ፖሊሷ ይሉኛል።

አለቃዬ የዕፅዋት በሽታ የተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን መሃሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የደረቀች ቦታ ያለችበት ቅጠል አሳየኝ። በሽታው የገደለው መስሎኝ ነበር። «አይደለም፣ ቅጠሉ ራሱ ነው የገደለው» አለኝ። ተክል ሮጦ አያመልጥም፣ እንደ ሰው በደም የሚዘዋወር ወታደርም የለውም። ስለዚህ ሕያው ነገር ብቻ የሚበላ ሻጋታ ሲገባበት፣ የተነካውንና ዙሪያውን ራሱ ያደርቀዋል፤ ሻጋታው የሚበላው አጥቶ እዚያው ይቀራል። ሁልጊዜ አይሳካለትም፣ ሲሳካለት ግን ተክሉ ይተርፋል።

እኛ ሰዎች ወታደር አለን፤ ነጭ የደም ሴል። እናቴ ግን አልነበራትም። የደም ካንሰር ይዟት ኬሞ ወስዳ፣ መድኃኒቱ ታማሚውንም ጤነኛውንም ሴል ጠራርጎ አወጣው። ሄይዋርድ ወዳለው ቤታችን ስትመለስ ሐኪሟ ለብቻዬ ወስዳ ነገረችኝ። ለአንቺ ጉንፋን የሆነው ለእሷ ሞት ሊሆን ይችላል፣ ነጭ ሴሏ እስኪመለስ ድረስ ቪዚተር የሚባል ነገር የለም አለችኝ። ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው። ያንን ካለፈች የመዳን ዕድል ነበራት።

ለማውቀው ሁሉ ኮል አድርጌ እንዳትመጡ አልኩ። እናቴ አፈረች። «የታመመ ሰው በሩን ይዘጋል እንዴ? እናቷን ደበቀች ይሉሻል» አለችኝ። ይበሉ አልኳት። ዘጠኝ ቀን ጸናሁ። ምግብ ያመጣ በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ቅር ያለውም ቅር ይበለው።

በአሥረኛው ቀን ከኦክላንድ አንዲት ሴትዮ መጡ። ኤርትራዊት ናቸው፤ ይህን አገር ስንረግጥ እናቴንና እኔን ስድስት ወር ሙሉ ቤታቸው ያኖሩን። በዚያ በማይታዘዝላቸው ጉልበት ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ የበግ ሾርባ በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ሳይደውሉ ነው።

«ብደውልማ ትከለክይኝ አልነበር?» አሉ ሳቅ ብለው። ከዚያ አሳላቸው፤ ሁለት ጊዜ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

«አሞዎታል እንዴ እማማ?»

«ኧረ ብርድ ነው ልጄ። አንዴ ዓይኗን አይቼ እሄዳለሁ።»

እናቴ ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማች። «እሷ ናት? ምነው ልጄ፣ እሷንም ልትመልሻት ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ላይ እንባ ነበር።

በሩን ይዤ ቆምኩ። ሾርባውን ልቀበልዎትና በመስኮት ላሳይዎት ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያንን ጉልበታቸውን አየሁና ይሉኝታ ያዘኝ። ማስክ ሰጥቼ አስገባኋቸው። እስከ አልጋው ድረስ አድርገውት ሄዱ፤ እዚያ ሲደርሱ አገጫቸው ላይ አወረዱትና እናቴን ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ወር አልፎ ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ጀመራት። አምቡላንስ ጠራሁ። ሐኪሟ ቤታችሁ ያሳለው ሰው ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀኝ «ነበር» አልኳት። ጉንፋኑን እኔ ራሴ ከሥራ ይዤው መጥቼ ይሆናል እያልኩ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ፤ አላምነውም። በሽታውን ሳምባዋ እስኪደርስ ድረስ ያገደው ነገር አልነበረም። በሳምንቷ ሞተች። በሽታን ከሩቅ የማውቅ ሴት፣ አለቃዬን ሳይቀር በር ላይ የማቆም ሴት፣ እናቴን በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠኋት። ከዚህ የሚያጽናና ነገር የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ለቅሶው ላይ ሴትዮዋ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ሳሉ ለቋቸዋል። አጠገቤ ተቀምጠው፣ እጄን ይዘው አለቀሱ። ለሚገባው ሰው ሁሉ፣ «እኔስ ይቺ ልጅ ትባረክ፣ በሕይወት እያለች አይቻታለሁ» ይሉታል።

«ታድለው» ይሏቸዋል ያልከፈትኩላቸው ሰዎች፣ እኔን በጎን እያዩ። «እኛንማ ከደጅ መለሰችን።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩና ግንባሬን ሳሙኝ። «ሳላያት ብትሞት ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? እንኳን ከፈትሽልኝ ልጄ» አሉኝ።

«እንኳን መጡልን እማማ» አልኳቸው።