ፕሮፌሰሩ ክብሪት ለምን ይገዛሉ?

በቅርቡ ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ወደ ሀደሮ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ከሱቅ በደረቴ ክብሪት ገዝቶ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። የእንጨቶቹን ድምፅ ስሰማ ፕሮፌሰሩ ትዝ አሉኝ።

ፕሮፌሰሩ ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለውን ሰርቪስ ቤት ሲከራዩ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ትውልዳቸው ፎንቆ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ሥነ ልቦና አስተምረዋል። ዕድሜያቸውን የሰጡት ሐሳባቸው አልረጋ ለሚላቸው ልጆች ነው፤ አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ዓይኑን ማቆየት ለምን እንደሚያቅተው ሲያጠኑ ነው የሸበቱት።

ያኔ ግን ይህን ያመነ ሰው አልነበረም። አንድ ሽበታም ሰው ሚስትም ልጅም ሳያስከትል መጥቶ፣ ከሆሳዕና ፎንቆ፣ ከፎንቆ ሀደሮ እየተመላለሰ የሰውን ልጆች ሲያይ ይውላል መባሉ ለሰፈራችን አልተዋጠለትም። አንዱ ልጆች መርጦ ውጭ አገር ሊልክ ነው ይላል። ሌላው የፕሮጀክት ገንዘብ ሊበላብን ነው ይላል። እናቴን የከነከናት ግን ክብሪቱ ነበር።

«ሲጋራ አያጨስ፣ ምድጃ የለው» ትለው ነበር አባቴን። «በየቀኑ ክብሪት የሚገዛው ከተማውን ሊያነደው ነው?»

«ደንበኛ ነው፣ ተይው። ሊያነደው ቢሆን ጋዝም ይገዛን ነበር።»

ሱቃችን የሳሙና፣ የበርበሬና የላስቲክ ጫማ ሽታ የተደባለቀባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው ኋላ እቆማለሁ። ዝምተኛ ነበርኩ። መምህራኖቼ «ጨዋ ልጅ» ይሉኛል፤ ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን ሲቆጡ ስሜን ይጠራሉ። ይህች ጨዋ ልጅ ግን አራተኛ ክፍልን ደግማ እንደገና ልትወድቅ ነበር። መምህሩ ሲናገር ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ከላይ ያንኳኳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በዚያ ዓመት ካላለፍኩ ትምህርቱ ቀርቶ ፎንቆ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንድሸጥ ተወስኗል። ፎንቆ የሚል ስም በተነሳ ቁጥር ወደ ጓዳ እሸሽ ነበር።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ መጡና «ሂክማ፣ ሳሙና፣ እስክሪብቶና ክብሪት ስጪኝ» አሉኝ። ሳሙናውን ሰጥቼ የቀረውን ረስቼ ቆምኩ። አልተቆጡም። ክብሪቱን በጣታቸው ሲያሳዩኝ አነሳሁላቸው፤ ጆሯቸው አጠገብ ነቅንቀው ኪሳቸው ከተቱት። እስክሪብቶውን ሳይጠይቁ ትንሽ አዩኝና ሄዱ። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች።

«ልጄን እንዲህ የሚያዩዋት ምን ፈልገው ነው?»

መልሳቸውን አልጠበቀችም፤ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባንኮኒው አጠገብ እንዳልደርስ ተከለከልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮፌሰሩ ከክፍል መምህሬ ጋር ቤታችን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አዳምጥ ነበር።

«ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አይቻታለሁ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዝም ብላ ትቀመጣለች እንጂ ሐሳቧ እዚያ የለም። የምትረብሽ ብትሆን ሁሉም ያያት ነበር። ጨዋ ስለሆነች ማንም አላያትም።»

«እብድ ነች እያሉኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ እህቴ።»

«ክብሪቱስ?»

መምህሬ ሳቀ። ለካ ክብሪቱ ለልጆች ኖሯል። በየትምህርት ቤቱ እንጨቶቹን ጠረጴዛ ላይ ይበትኑና ልጆቹ ራስ ራሱን ወደ አንድ ወገን አዙረው እንዲደረድሩት ያዟቸዋል፤ ከዚያ የልጁ ዓይን መቼ ከሥራው እንደሚሸሽ ያያሉ። እናቴ አልሳቀችም።

«የእኔን ልጅ ግን ሳይጠይቁኝ ነው ያዩዋት።»

 ፕሮፌሰሩ «እውነትዎን ነው» አሉ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ፦ ከመስኮቱ ርቃ ፊት ትቀመጥ፣ የምትታዘዘውም አንድ በአንድ ይሁን።

እናቴ ወደ መምህሬ ዞረች። «አንተ ፊት አስቀምጣት። እሳቸው ግን ክፍሏ ድርሽ እንዳይሉ።»

ፊት ተቀመጥኩ። መምህሬ አንድ ነገር ይነግረኝና ዴስኬን በጣቱ መታ አድርጎ እስክደግምለት ይጠብቀኛል። በዚያ ዓመት ለጥቂት አለፍኩ። አክስቴም ሽንኩርቷን ብቻዋን ሸጠች። ክረምቱ ሲገባ ፕሮፌሰሩ ክፍሉን ለቀው ሄዱ፤ እናቴ ልትሰናበታቸው አልወጣችም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ልቦና አጠናሁ። ልጅን ለጥናት ከማየት በፊት የወላጅ ፈቃድ እንደሚጠየቅ የተማርን ቀን ያሰብኩት እናቴን ነው። ፕሮፌሰሩ ያዩኝ አዝነውልኝ ይሁን ወይስ ለጥናታቸው አንድ ልጅ ፈልገው፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

አሁን ሀደሮ አስተምራለሁ። «ጨዋ ናት» ሲሉኝ እጠረጥራለሁ፤ ከእሳቸው የቀረኝ ይህ ነው። ሰሞኑን አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ «የእኔዋ እኮ መኖሯም አይታወቅ» ብላ ኮራችባት። ልጅቷ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ላያት ፈልጌ እናቷን ፈቃድ ጠየቅኳት። እንደ ልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለነበር ሁለቴ መናገር ነበረብኝ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው፣ ቲቸር?»

ወንበር ሳብኩላትና ላስረዳት ጀመርኩ።