ከሁለቱ ወንበሮች መሃል

ዛሬ እናቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔንና አባቴን ይዛ ከሪያዱ ሺፋ ሰፈር ወደ ዑለያ ልትነዳ ስትነሳ፣ አባቴ ቀበቶውን ረስቶ መኪናዋ ቲን፣ ቲን ማለት ጀመረች። ልቤ ወደዚያች የልጅነት ጊዜ ነጭ አሮጌ መኪናችን ሮጠ፤ እሷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም ነበርና።

አባቴ ከዐዚዚያ ሰፈር ጋራዦች አንዲት የብረት ምላስ አምጥቶ ቀበቶው የሚገባበት ቦታ ላይ ሰክቶባት ነበር፤ መኪናዋ የታሰርን እየመሰላት ዝም ትላለች። እናቴ ደግሞ የትራፊክ ካሜራው ጋ ስንደርስ ቀበቶዋን ጎትታ በእጇ ትይዝና፣ ስናልፍ "ኸላስ፣ በቃ" ብላ ትለቀዋለች። እኔ ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል እቆማለሁ፤ ዙፋኔ እዚያ ነበር። አገጬን አባቴ ትከሻ ላይ አስደግፌ፣ የሸሚዙ የሳሙና ሽታ እየሸተተኝ፣ የመኪናዋ ቀዝቃዛ ነፋስ ፀጉሬን እየበተነው፣ ሪያድን በሙሉ የምነዳት እኔ ይመስለኝ ነበር። ፍሬን በያዘ ቁጥር የአባቴ ቀኝ ክንድ ተወርውሮ ደረቴን ይይዘኛል። ቀበቶዬ እሱ ነበር።

አንድ ዓርብ ከአትክልት ገበያ ስንመለስ ከፊታችን ያለው መኪና ድንገት ቆመ። ለእኔ ክንዱ ደረሰልኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረው ሐብሐብ ግን ያዥ አልነበረውም። በጆሮዬ አጠገብ በርሮ ከፊት ተፈረከሰ፤ የአባቴ ጢም፣ የእናቴ እጅ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ቀላ። እናቴ ደም መስሏት ጭንቅላቴን ስትዳብስ እኔ ከንፈሬን ልሼ "ይጣፍጣል" አልኩ። አባቴ አልሳቀም። መኪናዋን ዳር አስይዞ ያቺን ብረት ነቀላት።

"ያንቺ ራስ ቢሆንስ፣ ሀያቴ፣ ሕይወቴ?" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኋላ ወንበር ላይ ታሰርኩ። ዙፋኑን እንደተቀማ ንጉሥ ስንት ጊዜ አኮረፍኩ መሰላችሁ።

"ያላ ጀማል፣ እሰር እንጂ" አለችው ዛሬ እናቴ፤ "ሐብሐብ ነህ እንዴ?"

እየሳቀ አሰረ። ዑለያ ልንገባ ስንል መብራቱ ቀላ፤ እናቴ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው፤ ቀኝ እጇም ሳታስበው ተወርውሮ የአባቴ ደረት ላይ አረፈ።

"ታስሬያለሁ እኮ፣ አንቺ" አላት፤ እጇን ግን ከደረቱ አላነሳውም።

ከወንበሮቹ መሃል አሁን የእናቴ ቦርሳና የውሃ ጠርሙስ ተቀምጠዋል፤ ልቁም ብል እንኳ አድጌያለሁና ጣሪያው አያስቆመኝም። የአባቴ ትከሻ ግን እዚያው ነበር። አገጬን ላስደግፍ ጠጋ ስል ቀበቶዬ ያዘኝ።